የሮቢቷ ሐምራዊ አበባ

መስከረም ጥቅምት ላይ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስትሄዱ፣ ሮቢት አካባቢ በማሽላው እግር ሥር ሐምራዊ አበባ ታያላችሁ። ታምራለች። እኛ የከተማ ልጆች ፎቶ እንነሳባት ይሆናል፤ ገበሬው ግን አቀንጭራ ይላታል፣ ያውም ፊቱን አጥቁሮ።

አቀንጭራ መጤ አይደለችም። ተመራማሪዎች የትውልድ አገሯን ሲፈልጉ የሚጠቁሙት ከሰሜን ኢትዮጵያ እስከ ሱዳን ያለውን ምድር ነው። ያኔ የዱር ሳር ሥር ተጠግታ የምትኖር ምስኪን ነበረች። ማሽላ ዓመት ካመት በአንድ ማሳ ላይ ሲዘራ ግን ድግስ ተደገሰላት።

አንዷ ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ትበትናለች። ዘሩ ከአሥር ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ይተኛል። የሚቀሰቅሰው ከማሽላ ሥር የሚወጣ ኬሚካል ነው። ማሽላው ለምን ጠላቱን ይቀሰቅሳል? መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፦ ፎስፈረስ ሲርበው የሚመግቡትን የአፈር ፈንገሶች እየተጣራ ነው ለካ! መሬቱ በደኸየ ቁጥር ጥሪው ይበረታል፣ አቀንጭራም ትሰማለች። አበባዋ ሲታይ ጉዳቱ ደርሷል፤ የዛሬ አረም የሚጠቅመው ለከርሞ ነው። ታዲያ ገበሬውን «ሰነፍ» ማለት ምን ይሉታል?

ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ መፍትሔውን እዚያው ጥሪው ላይ ፈለጉት። በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ብዙም የማይጣራ ማሽላ አዳቀሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ ጎብዬ ይባላል፣ ልክ እንደ ሮቢት ጎረቤት ከተማ። ብቻ አጭር ነው። የራያ ገበሬ ደግሞ ከማሽላ እህል ብቻ አይጠብቅም፤ አገዳው ለከብቱ መኖ፣ ለምድጃው ማገዶ ነው።