የድራሙ ማርካና የድራሙ ብረት

በዚህ መጽሔት በየዓመቱ ስለ ድንኳን፣ ስለ ብረት ድስትና ስለ መዋጮ ስናነብ ኖረን ዘንድሮ ስለ ድራም መጻፋችን አንዳንዱን ሊያስቀው ይችላል። ነገሩ ግን የመጣው ከለቅሶ ቤት ነው። በዓመቱ ውስጥ ያረፉ አንድ አባላችን በደርግ ዘመን በቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ ድራም ይመቱ ነበር። ከቀብሩ በኋላ በቤታቸው ያለው ድራም «የሕዝብ ንብረት ነው፤ ወስደው ያስቀሩት ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። ባለቤታቸው ገና ከል ሳያወልቁ ወሬው ጆሯቸው ገባ። ለእድሩ ዳኛ አቤት አሉና ሦስት ሰዎች አይተን እንድናስረዳ ታዘዝን።

ወሬው ያለ ምክንያት አልተነሣም። በትልቁ ድራም ሆድ ላይ «ፐርል» የሚል ማርካ አለ። ከኪነት ቡድኑ የቀረው የንብረት መዝገብ ቅጂም «ፐርል ድራም፣ ትልቁ ባለ 22 ኢንች» ይላል። ማርካና መዝገብ ከተገናኙ ሌላ ምን ምስክር ያስፈልጋል? እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ነው ያልነው።

ታዲያ የጃፓን ድራም ታሪክ ውስጥ ስንገባ ማርካ ብቻውን ደካማ ምስክር መሆኑን ተረዳን (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጃፓን በጦርነቱ በተሸነፈች ማግስት፣ በ1946፣ ካትሱሚ ያናጊሳዋ የተባለ ሰው በቶኪዮ የኖታ ማቆሚያ መሥራት ጀመረ። በ1950 ወደ ድራም ተሻገረ፤ ፐርል የምንለው ድርጅት ይኸው ነው። በ1961 በቺባ ፋብሪካ ተከለ። በ1964 ቢትልሶች በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከታዩ ወዲህ ደግሞ የየአገሩ ወጣት ምኞት ድራም ሆነ። ሪንጎ ስታር የሚመታው የአሜሪካው ሉድዊግ ግን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ርካሹን ያቀረቡት ጃፓኖች ናቸው። የቺባው ፋብሪካ ብቻ ከ30 ለሚበልጡ አከፋፋዮች ይሠራ ነበር፤ እያንዳንዱም አከፋፋይ የፈለገውን ስም ያስለጥፍበታል፦ ማክስዊን፣ ስቱዋርት፣ አፖሎ፣ ማጀስቲክ፣ ኮሮኔት፣ ሌላም ሌላም። ፐርል «ፕሬዚደንት» የተባለውን የመጀመሪያ የባለሙያ ድራሙን ያወጣው በ1966 ነው። ሌላው የጃፓን ድርጅት ሆሺኖም «ስታር» እያለ ሲሸጥ ቆይቶ በ1974 ስሙን «ታማ» አለው። ያማሃ በ1967 ገበያው ውስጥ ገባ። እንግዲህ የአንድ እናት ልጆች በየእንጀራ አባታቸው ስም ሲጠሩ ማለት ነው።

የዚያን ጊዜ ርካሽ ድራም ቀፎው ላዋን ከሚባል የሩቅ ምሥራቅ እንጨት፣ በኮምፔንሳቶ መልክ የተሠራ ነው። ስስ ስለሆነ በሁለቱም አፉ ከውስጥ የእንጨት ቀለበት ይታከልበታል፤ ከውጭ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ይለብሳል። ብረቶቹ የአሜሪካኖቹን እያዩ የተቀዱ ስለሆኑ ከሩቅ አይቶ «ይህ የእገሌ ነው» ማለት ያስቸግራል። ካቻቢቴ ይዞ መፍታት ነው እንጂ።

እኛም ፈታነው። መጀመሪያ ማርካውን አየን። በድራም ቀፎ ላይ አየር የምትወጣባት አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ብዙ ጊዜ ማርካው የሚታሰረው በዚችው ቀዳዳ ላይ ነው። የኛው «ፐርል» ግን በሙጫ የተለጠፈ ሆኖ ተገኘ፤ ከሥሩ ቀዳዳ የለም። ቀዳዳዋ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብላ ባዶዋን ተቀምጣለች። ዙሪያዋን ፕላስቲኩ ያልደበዘዘበት የእንቁላል ቅርጽ ያለው ጥላ ይታያል። የፐርሉ ማርካ ደግሞ ባለ አራት ማዕዘን ነው። ስለዚህ ድራሙ ሲወለድ ሌላ ማርካ ነበረው ማለት ነው። የሚገርመው፣ ከነዚያ ከ30 በላይ ስሞች አንዱ ከነበረ ድራሙ የፐርል ፋብሪካ ልጅ ሊሆንም ይችላል፤ ማርካው ግን የሱ አይደለም።

ቀጥሎ ብሎን የሚይዙትን ብረቶች አወረድን። እያንዳንዱ ብረት ለዓመታት ፀሐይ ከልሎ ስለኖረ ከሥሩ የመጀመሪያው ቀለም ይቀራል። ጥላውና የብረቱ እግር ልክ ለልክ ከገጠሙ፣ ትርፍ ቀዳዳም ከሌለ ብረቱ የመጀመሪያው ነው። በያንዳንዱ ወገን 6፣ በድምሩ 12 ነበሩ፤ 10ሩ ገጠሙ። በውስጣቸውም ዳዶውን ደግፋ የምትይዘው ሞላ አለች። ሁለቱ ግን ሞላ የሌላቸው፣ በበየዳ የተሠሩ፣ የጋራዥ እጅ ያረፈባቸው ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጣ አዲስ ብሎን ብንሞክርም አልነክስ አለ። የዛሬው ብሎን በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ያለው ሲሆን ከድሮዎቹ የጃፓን ድራሞች አንዳንዶቹ በሚሊሜትር የተለኩ ናቸው። በግድ ያጠበቀ ሰው ዳዶውን ይበላዋል፤ እባካችሁ እንዳትሞክሩት።

ሁለቱን የበየዳ ብረቶች አይቶ «የተለቃቀመ ነው» ያለ አልጠፋም። በበርታ ወገኖቻችን ዘንድ ዋዛ የሚባለውን የቅል መለከት እናውቃለን (ስሙ በአማርኛ ቀልድ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀልድ አይደለም)። እያንዳንዱ መለከት የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ አንዱ ቅል ሲሰበር ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው ይሆናል። ሌላ ቅል ይተካበታል፤ ዋዛነቱ ግን ያው ነው።

ነገሩን የቆረጠው ሜትር ነው። 22 ኢንች 56 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የአባላችን ድራም ስፋት ግን 51 ነው፤ ይህም 20 ኢንች ማለት ነው። ብረት ይቀየራል፣ ማርካ ይነቀላል፤ የቀፎ ስፋት ግን የሚለወጥ ነገር አይደለም። መዝገቡ ላይ ያለው ድራም ሌላ ነው።

የፐርሉ ማርካ ታዲያ ከየት መጣ? በኪነቱ አብረዋቸው የነበሩ አንድ አዛውንት አባል አስረዱን። በ1982 ዓ.ም. ጦርነቱ አሶሳ ሲገባ የቡድኑ ድራም ተሰባብሮ ቀረ። እሳቸውም ከስብርባሪው ማርካውን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ፤ ኋላ በገንዘባቸው በገዙት አሮጌ ድራም ላይ ለጠፉት። ይህንኑ ጽፈን ሦስታችንም ፈርመን ለዳኛው አስረክበናል። ቃለ ጉባኤውም በጠቅላላ ጉባኤ ፊት፣ ባለቤታቸው ባሉበት ተነቧል።

ድራሙ አሁን በልጃቸው እጅ ነው። የትልቁን ድራም ቀለበት ቆንጥጠው ከሚይዙት 12 የብረት ጥፍሮች አንዱ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ አሮጌ ጥፍር በዕቃ ቤቱ ያለው አባል ለንብረት ያዣችን ቢሰጥልን እናመሰግናለን።