ሶፍትዌር ያልፋል፣ ፊደል ይኖራል

ከሳጉሬ የመጣ ተማሪ በቅርቡ፣ «አዲሱ ኮምፒውተሬ ላይ የትኛውን የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ልጫን?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱን ከታሪክ እንፈልገው።

ቀደምት የአማርኛ ፎንቶች የግዕዝን ፊደል የሚያስቀምጡት ለላቲን ምልክቶች በተመደቡ ቁጥሮች ላይ ነበር፤ አመዳደቡም እንደየሠሪው ይለያያል። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈ ገጽ፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግን ለግዕዝ ፊደላት የየራሳቸውን ቋሚ ቁጥር ሰጠ።

ሶፍትዌሩስ? ማይክሮሶፍት በሰፊው ይሠራበት የነበረውን ፍሮንትፔጅ እ.ኤ.አ. በ2006 አቋረጠ። በዩኒኮድ የተቀመጠ ጽሑፍ ግን በሌላ መሥሪያም ይነበባል።

ስለዚህ ተማሪዬን፣ «ከውበቱ በፊት ጽሑፍህን በዩኒኮድ ማስቀመጡን አረጋግጥ» አልኩት። ስለ አርሲ የሚጽፈው ታሪክ ከመሥሪያው በላይ ዕድሜ ሊኖረው ይገባልና።