ከከሰል የሚጀምር የሳይንስ ትምህርት

የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ 7ኛ ክፍል የሚሻገር ተማሪ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት አዳዲስ ነገሮች ያጋጥሙታል። አንደኛው ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሚባለው የዕውቀት ዘርፍ ሲሆን ሁለተኛው የሚማርበት ቋንቋ ነው። በአገራችን ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ትምህርት እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎችን ቢያስገባም፣ በአንዳንድ ክልሎች የ7ኛ ክፍል ሳይንስ በእንግሊዝኛ መሰጠቱ አልቀረም።

የትምህርቱ እርከንም ቢሆን ሲለዋወጥ ኖሯል። ስምንት-አራት የነበረው ስድስት-ሁለት-አራት ሆነ፤ በ1986ቱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ እንደገና ወደ ስምንት ዓመት ሲመለስ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ተለያዩ። በቅርቡ በተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት ስድስት-ሁለት-አራት ሲመለስ 7ኛና 8ኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስን ይማራሉ። ይህን ጽሑፍ በምጽፍበት በጁባ፣ በኮሎሎ ሰፈርም ነገሩ ተመሳሳይ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1970 በሱዳን የተደነገገው ስድስት-ሦስት-ሦስት መካከለኛ ደረጃ ነበረው፤ የዛሬው የደቡብ ሱዳን ስምንት-አራት ግን የለውም። እርከን በመመሪያ ይለወጣል፤ ተማሪው የሚሻገረው ደፍ ግን ያው ነው። እንግዲህ ጥያቄው በዚህ ደፍ ላይ መምህሩ በምን ይጀምር የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ በታሪክ የተሰጠ አንድ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በጄሮልድ ዛካሪያስ የሚመራ ኮሚቴ ለሁለተኛ ደረጃ አዲስ የፊዚክስ ትምህርት ማዘጋጀት ጀመረ። በ1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ስታመጥቅ ሥራው ከፍተኛ ድጋፍ አገኘ፤ መጽሐፉም በ1960 ወጣ። ነገር ግን መጽሐፉ መልካም ሆኖ ሳለ ተማሪዎቹ መለካትን፣ መመዝገብንና በገዛ እጃቸው መሞከርን ሳይለማመዱ ስለሚደርሱ መምህራን ተቸገሩ። በመሆኑም በዑሪ ሀበር ሻይም የሚመራ ቡድን ከዚያ በታች ላሉት ክፍሎች የፊዚካል ሳይንስ መግቢያ አዘጋጀ፤ መጽሐፉ በ1967 ታተመ።

ይህ መግቢያ የሚጀምረው በትርጓሜ ወይም በቀመር አይደለም። የመጀመሪያው ሙከራ እንጨትን አየር በሌለበት ማጋል ነው። ደረቅ ስንጥር በመሞከሪያ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ አፉ በቀጭን ቱቦ በተበሳ ክዳን ይዘጋና በእሳት ይሞቃል። በአንድ ወገን ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ በሌላው ጋዝ ውሃን እየገፋ ጠርሙስ ይሞላል፤ በቱቦው ውስጥ የሚቀረው ከሰል ነው። ተማሪው አንድ ነገር ሲሞቅ ሦስት ነገር ሆኖ ያያል፤ ከዚያ በኋላ የመጠነ ቁስና የይዘት ልኬት ትምህርት ይከተላል።

እኛ መምህራን ይህን ልብ ልንለው ይገባል። ከሰል በአዲስ አበባም ሆነ በጁባ በየቤቱ የሚታወቅ ነው። ከሰል አክሳዩ እንጨቱን ከምሮ በሣርና በአፈር የሚያለብሰው አየር እንዳይገባበት ነው፤ አየር ከገባ አመድ ይሆናል። በዚህ ዘዴ ከአሥር ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከሰል አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ኪሎ አይበልጥም። የቀረው የት ሄደ? ይህን ጥያቄ የ7ኛ ክፍል ተማሪ በሚያውቀው ቋንቋ ሊከራከርበት ይችላል። ስለ መጠነ ቁስ አለመጥፋት የሚነገረው ሕግ ከክርክሩ በኋላ ቢመጣ መልስ ሆኖ ይገባዋል፤ ቀድሞ ከመጣ ግን የሚሸመደድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሽምደዳ ምን ያህል እንደሚያሳስት ሌላ ምሳሌ እንጨምር። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ብለን እናስተምራለን። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ባለው የአየር ግፊት ነው። ከባሕር ወለል 550 ሜትር ያህል ከፍ በምትለው በጁባ ውሃ በ98 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ገደማ። ቴርሞሜትሩን ያነበበ ተማሪ 92 አግኝቶ 100 ብሎ ከጻፈ፣ ከገዛ ዓይኑ ይልቅ መጽሐፉን ማመን ተማረ ማለት ነው። ይህም ከሳይንስ መንፈስ ጋር የሚጻረር ነው።

ሙከራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጥንቃቄ ግን ያሻዋል። ጋዙ መርዛማ የሆነውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚይዝ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይሠራ። ፈሳሹም መርዝ ስለሆነ ማንም አይቅመሰው። እሳቱ ከመጥፋቱ በፊት ቱቦው ከውሃው ይውጣ፤ አለዚያ ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ጋለው ብርጭቆ ተስቦ ይሰብረዋል። ቱቦና ክዳን በሌለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ሚዛን፣ እንጨትና ከሰል ይዞ ክርክሩን መክፈት ይቻላል።

መጀመሪያ ነገሩ፣ ቀጥሎ ልኬቱ፣ ከዚያም የእንግሊዝኛው ስያሜ ቢመጣ ተማሪው ሁለቱን ሸክም በአንድ ጊዜ አይሸከምም። እርከኑን የሚወስኑት ሌሎች ናቸው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ትምህርት የሚወስነው ግን መምህሩ ራሱ ነው።