ገና በሰው አገር፦ ከኢሲዮሎ እስከ ዌስትላንድስ

ዌስትላንድስ ውስጥ የገና መብራት መሰቀል የሚጀምረው ገና በኅዳር ነው። በገበያ አዳራሾቹ በር ላይ የጥጥ በረዶ ይነጠፋል፣ ውጭ ግን የናይሮቢ ፀሐይ ታቃጥላለች። «የክረምት በዓል» የሚባለው ነገር ከአውሮፓ የመጣ ነው። ለእኛ ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ገና የበጋ በዓል ነው፣ እህል ተወቅቶ ጎተራ የሚገባበት ወቅት። ኬንያውያን ጎረቤቶቻችን «ክሪስማሲ ንጄማ» እያሉ ሥጋቸውን ሲጠብሱ፣ ለእኛ ቀኑ ታኅሣሥ 16 ነው። ኅዳር 15 በገባው የነቢያት ጾም ላይ ነን፤ ሽሮና ጎመን ይዘን ሱቅ እንጠብቃለን።

ለልጆቻችን የምንነግራቸው ምክንያት ቀላል ነው። ምዕራቡ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1582 በሮማው ጳጳስ በጎርጎርዮስ ትእዛዝ የቀን አቆጣጠሩን አረመ፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በቀድሞው ስሌት ጸናች። በዚያን ጊዜ ልዩነቱ 10 ቀን ነበር፣ ዛሬ 13 ደርሷል። ስለዚህ ገና ጃንዩወሪ 7 ላይ ይውላል፣ ለኬንያ ተራ የሥራ ቀን ነው። የዘበኛው «በዓሉ እኮ አለፈ!» የሚለው ቀልድም በየዓመቱ ይደገማል።

ይህ በሰው አገር፣ በሰው ካላንደር መሐል የራስን በዓል መጠበቅ በእኛ የተጀመረ አይደለም። ከእኛ በፊት በዚሁ በኬንያ ምድር ከእኛ እጅግ በከፋ ሁኔታ ገናን የጠበቁ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ታሪካቸው ብዙ አይወራም፣ መወራት ግን ይገባዋል።

ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ተሰደው በባዝ ከተማ ተቀመጡ። በ1928 ዓ.ም. ለንደን ዋተርሉ ባቡር ጣቢያ ሲደርሱ ከተቀበሏቸው ሰዎች መካከል አንዱ በኋላ የኬንያ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆሞ ኬንያታ ነበር። ደቡቡ ግን ገና አልተያዘም ነበር። ራስ ደስታ ዳምጠው በሲዳሞ እየተዋጉ ቆይተው በኅዳር 1929 ይርጋለም ወደቀች፤ እሳቸውም በየካቲት ተይዘው ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ወታደሩ፣ ሴቱ፣ ሕፃናቱ፣ ከጣሊያን ጦር ከድተው ወደ ኢትዮጵያ ወገን የገቡ ኤርትራውያንም ጭምር፣ ድንበሩን ተሻግረው ወደ ኬንያ ገቡ። እኛ ዛሬ በአውቶቡስ የምንሄድበትን የሞያሌን አቅጣጫ ያስታውሱ፦ ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው፣ አብዛኛው ደረቅ መሬት። አስፋልቱ ከመምጣቱ በፊት ያንን መንገድ በጭነት መኪና ያለፉ ነጋዴዎች አሁንም በመካከላችን አሉ፤ ቀናት ይፈጅ እንደነበር ይነግሩናል። እነዚያ ሰዎች ግን ቁስለኛ ተሸክመው ነበር የመጡት።

የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ሺዎቹን ስደተኞች ኢሲዮሎ ባለ ካምፕ አስገቧቸው፤ በኋላም ወደ ደቡብ፣ ኪሊማንጃሮ ግርጌ ወዳለችው ታቬታ አዛወሯቸው። ስደተኛ ተባሉ እንጂ እንደልባቸው የሚንቀሳቀሱ ሰዎች አልነበሩም። ለንደን በዚያን ጊዜ ጣሊያንን ማስቀየም አልፈለገችም፤ እ.ኤ.አ. በ1938ም የሙሶሊኒን ግዛት እስከማወቅ ደረሰች። ስለዚህ የካምፑ ሰው አገሩ በዓለም ካርታ ላይ ሲጠፋ እያየ 1930ን፣ 1931ን፣ 1932ን አሳለፈ። ሦስት ገና፣ ሦስት ጥምቀት።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ሕፃኑ ኢየሱስ ከእናቱ ጋር በግብፅ የቆየው ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ነው። በማቴዎስ ወንጌል ሰብአ ሰገል ሳጥናቸውን ከፍተው ስጦታ ካቀረቡ በኋላ ወዲያው የሚመጣው ሽሽቱ ነው፤ ሄሮድስ ሕፃናትን ሲፈጅ ዮሴፍ በሌሊት ተነሥቶ ይሄዳል። የገና ታሪክ ራሱ ድንበር የመሻገር ታሪክ ነው። በታቬታ የነበረ ሰው ይህን ለመረዳት ሰባኪ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። በሰኔ 1932 ጣሊያን ከጀርመን ጎን ጦርነት ውስጥ ስትገባ፣ እንግሊዝ ትናንት በካምፕ ያጠረቻቸውን ሰዎች ወታደር ሁኑ አለቻቸው። (ቂም የመያዝ መብት ነበራቸው።) በኬንያ ከነበሩት ስደተኞች ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ተቋቋመና በሱዳን በኩል ወደ ጎጃም ዘመተ። የዘመቻው መሪ ኦርዴ ዊንጌት ነበር፤ አዲስ አበባ ያለው ትምህርት ቤት በስሙ የተጠራለት ሰው። መጽሐፍ ቅዱስን አጥብቆ በሚያነብ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ስለሆነ ጦሩን «የጌዴዎን ጦር» ብሎ ሰየመው፣ በመሳፍንት መጽሐፍ በ300 ሰው ምድያምን ባሸነፈው በጌዴዎን ስም።

ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን መሬት ረግጠው ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ በሉት፦ የጥምቀት ማግስት፣ ቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤል በዓል። በየካቲት 27 ሁለተኛው ሻለቃ ቡሬና ደምበጫ መካከል በቻራቃ ወንዝ አጠገብ ከጎጃም በሚያፈገፍገው ብዙ የጣሊያን ጦር መንገድ ላይ ብቻውን ወድቆ ተዋጋ፤ ብዙ ሰውም ከፈለ። በሞያሌ በኩል ተሰደው የወጡ ሰዎች በጎጃም በኩል ተመልሰው ነው የሞቱት። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደስታ ሲሆን ስማቸውን የጠራ ስንት እንደነበር እንጃ።

የኋላው ዘመን ለአንባቢዎቻችን የቅርብ ነው፣ ብዙ አንዘገይበትም። በደርግ ዘመን፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ጭምር፣ ወደ ናይሮቢ የመጡ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ብዙ ሺህ ሰው ሞያሌን ተሻግሮ ዋልዳ ካምፕ ገባ። በመጋቢት 2010ም ከሞያሌ ከተማ እንደገና ሺዎች ወደ ኬንያ ተሻገሩ። በኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሁለቱ አገር መሪዎች ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያውን መረቁ። ያው በር ነው፤ አንዴ ሰው ያሸሻል፣ አንዴ በርበሬ ያሳልፋል።

ዛሬ ዌስትላንድስ ያለው ገና ከታቬታው ጋር አይወዳደርም፣ እንዳይመስላችሁ። እንጀራ አለን፣ ቅቤና በርበሬ ከአገር ይመጣል፣ ለወጡ የፈረንጅ ዶሮ ካልጣመን ኪየንየጂ እንገዛለን። ማታ ነጠላ ለብሰን ለቅዳሴ እንወጣለን፣ ጾሙን የምንፈታው ከሌሊት በኋላ ነው። ፕሮቴስታንት ወንድሞችና እህቶቻችንም በየአምልኮ ቤታቸው ያድራሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሱቅ መከፈት አለበት፣ የቤት ኪራይ የእኛን ካላንደር አያውቅም። ወረቀቱ ያልተስተካከለለት፣ ዓመታት «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» የሚል፣ ዕቃው ድንበር ላይ የታሰረበት ሰው ደግሞ በየጠረጴዛችን አለ።

ካቻምና ከመካከላችን አንዲት እናት ጭነቷ ተይዞ ለሳምንታት ቆየባት። ከነገሩ ሁሉ የከበዳት ለልጆቿ ገናን አልባ ማሳለፏ ነበር። በዋዜማው የዕቁብ ዕጣ ሲወጣ የደረሰው ሰው፣ ራሱ ዕዳ ያለበት፣ ተራውን ለእሷ ለቀቀላት። «በጥምቀት ትመልሺልኛለሽ» አላት፤ የትኛውን ጥምቀት እንደሆነ ግን አልተናገረም። እስከ ዛሬም አልጠየቃትም። እሷ ግን በየወሩ በኤም-ፔሳ ትንሽ ትንሽ ትልክለታለች፣ አይበቃም ብትሉት ይቆጣል።

ለሁሉም እንዲመች አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። 2020 ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፣ በኬንያ ግን ያው ጃንዩወሪ 7 ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቢሆንም በኬንያ አቆጣጠር 20 ላይ ይወድቃል እንጂ እንደለመድነው 19 ላይ አይደለም። ከሞያሌ ዕቃ የምታስመጡና አገር ቤት ለመግባት ትኬት የምትቆርጡ ቀኑን ከወዲሁ አስተካክሉ።