ገጣሚ ለገጣሚ፦ የውዳሴ ግጥም ታሪካዊ ጉዞ

በአገራችን የሥነ ግጥም ታሪክ ውስጥ ውዳሴ ሰፊ ቦታ ይዞ ይገኛል። ንጉሥ ሲነግሥ ተወድሷል፤ ጀግና ከዘመቻ ሲመለስ ተሞግሷል፤ ባለጠጋ ድግስ ደግሶ በአዝማሪ አንደበት ተዘፍኖለታል። ይህን ሁሉ ውዳሴ የደረሰው ባለቅኔ ግን እርሱ ራሱ በማን ተወደሰ? ጥያቄው የአንድን ሰው ክብር ብቻ የሚመለከት አይደለም። አንድ ኅብረተሰብ የቃል ጠቢባኑን በምን ሚዛን እንደሚመዝን፣ የጥበብ ቅርስም ከትውልድ ወደ ትውልድ በምን መንገድ እንደሚሻገር የሚያመለክት የታሪክ ጥያቄ ነው።

መልሱን ለመሻት አስቀድሞ ወደ ቅኔ ቤት መዝለቅ ይገባል። ከቅኔ ዓይነቶች አንዱ መወድስ ይባላል፤ ስሙ «ወደሰ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ስምንት ቤት አለው። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ረጃጅሞቹ ይወጣል። በዚህ ጉዞው የመምህሩ ቅኔ አርአያው ነው፤ ይሰማዋል፣ ያጠናዋል፣ ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ይፈታዋል። ዳሩ ግን በጉባኤ ፊት ቆሞ ሲዘርፍ የመምህሩን ቃል እንደገና ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። ስለዚህ በቅኔ ቤት ሥርዓት ለመምህር የሚሰጠው ከፍተኛ ክብር እርሱን መድገም ሳይሆን፣ እርሱ ባስተማረው ስልት እርሱ ያላለውን ማለት ነው። አድናቆትና ነፃነት እዚህ ላይ ተጣልተው አያውቁም።

ሁለተኛው ምንጭ ሙሾ ነው። አልቃሽ ስለ ሟች ስታለቅስ «ደግ ነበረ» ብላ አትበቃም፤ ፈረሱን በስሙ ትጠራለች፣ ጠመንጃውን፣ የተሻገረውን ወንዝ፣ ያበላበትን ገበታ ታነሣለች። ሐዘኑ የሚጸናው በዚህ ዝርዝር ነው። ለገጣሚ ሲለቀስ ግን ፈረሱ ምንድን ነው? ጠመንጃውስ? ባለቅኔ ትቶት የሚሄደው ንብረት ቃሉ ነው፤ አስለቃሹም ያን ቃል በሚገባ ካላወቀው የሚያነሣው ነገር ያጣል። ለገጣሚ የሚደረስ ግጥም ከማንበብ የሚጀምረው ስለዚህ ነው።

ይህ እውነት በቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ታሪክ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ዮፍታሔ በጎጃም በደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ተኮትኩቶ ያደገ፣ በኋላም በአዲስ አበባ መምህር፣ ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት የሆነ ሰው ነበር። ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን ለደረሰው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ቃሉን የጻፈው እርሱ ነው። በፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ ጊዜ በሱዳን በስደት ኖሮ ከነፃነት በኋላ ተመለሰ፤ በ1939 ዓ.ም. አረፈ። መዝሙሩን በየትምህርት ቤቱ የዘመረው ተማሪ ሁሉ የደራሲውን ስም ያውቅ ነበር ለማለት ያስቸግራል። ለሥርዓቱ ክብር ቃል ያበደረው ሰው ራሱ ወደ መረሳት አዘንብሎ ነበር።

ከመረሳት ያዳነው ሌላ ገጣሚ ነው። «እስኪ ተጠየቁ» የተባለው ግጥም ደራሲ ዮሐንስ አድማሱ፣ የዮፍታሔን ሕይወትና ጽሑፍ በአንድነት መርምሮ ታሪኩን ጻፈ። ውዳሴን ወደ ምርምር፣ ፍቅርን ወደ ማስረጃ ለወጠው። ዮሐንስ ዕድሜው ሳይገፋ ሲያርፍ ደግሞ የእርሱን ግጥሞች ሰብስቦና አሰናድቶ በ1990 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቃው ወንድሙ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ዮናስ አድማሱ ነበር፤ የዮፍታሔን ታሪክም እንዲሁ ለአንባቢ አቀረበ። አንዱ ለአንዱ የቆመበት ይህ ሰንሰለት ቢበጠስ ኖሮ ዛሬ ስለ ሁለቱም የምናውቀው እጅግ ባነሰ ነበር።

የውዳሴ ግጥም ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችልም የዓለም ታሪክ ይመሰክራል። አሌክሳንደር ፑሽኪን እ.ኤ.አ. በ1837 በነፍስ ግጥሚያ ቆስሎ ሲሞት፣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት የነበረው ሚካኤል ሌርሞንቶቭ ስለ ገጣሚው ሞት ግጥም ደረሰ። ግጥሙ ሳይታተም በእጅ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ተዛመተ። ሌርሞንቶቭ በሐዘን ብቻ ሳይወሰን በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የተኮለኮሉትን መኳንንት በተጠያቂነት ስለ ከሰሰ ታስሮ ወደ ካውካሰስ ጦር ግንባር ተላከ። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1841 በተመሳሳይ ግጥሚያ ተገደለ። ታላቁን ሰው ማወደስ እርሱን የጎዳውን ኃይል ስም መጥራትን የሚጠይቅበት ጊዜ አለ፤ ሌርሞንቶቭ ይህን አልሸሸም።

ውዳሴ ሞትን መጠበቅ እንደሌለበት ደግሞ ሰሎሞን ደሬሳ አሳይቷል። «ልጅነት» በተባለው መድበሉ የታወቀው ይህ ገጣሚ፣ ሠዓሊና ገጣሚ የነበረው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በሕይወት እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ሥዕሉና ስለ ቃሉ በእንግሊዝኛ ሰፊ ጽሑፍ አቅርቧል። ገብረ ክርስቶስ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት በስደት ሲያርፍ ግጥሞቹ በመድበል አልታተሙም ነበር፤ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ የወጡት በ1998 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ሩብ ምእት ዓመታት ገጣሚውን ሕያው አድርገው ያቆዩት የሚያደንቁት አንባቢዎችና ባልንጀሮቹ ናቸው።

በዚያው በ1998 ዓ.ም. የካቲት ወር ሎሬት ፀጋዬ ገብረ መድኅን በኒው ዮርክ ዐረፈ፤ አስከሬኑ ወደ አገሩ ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ፀጋዬን በግጥም ማክበር የሚሻ ሰው የሚገጥመው ፈተና ልዩ ነው። በስሙ «የፀጋዬ ቤት» የሚባል የስንኝ ምጣኔ አለ። አድናቂው በዚያ ምጣኔ ቢገጥም የባለቤቱ ድምፅ ይውጠዋል፤ ጨርሶ ቢተወው ደግሞ ውለታውን የካደ ይመስላል። መውጫው የቅኔ ቤቱ አሮጌ ሕግ ነው፤ ስልቱን ተቀብሎ ምሥጢሩን አዲስ ማድረግ። የሌላውን የቁጣ ድምፅ ተውሶ መጮህ ግጥም አይሆንም፤ የራስን ዘመን ችግር በእርሱ ዓይን ጥራት መመልከት ግን ይሆናል።

ይህ ጉዳይ በይበልጥ መምህራንን ይመለከታል። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር፣ በቦሌ አራብሳ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች መካከል የሚያድጉ ልጆች ከተለያዩ የከተማዋ ሠፈሮች ተነሥተው በመጡ ቤተሰቦች ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። የየሠፈሩ ትዝታና የየቤቱ አነጋገር በአንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ ይገናኛል። መምህሩ ለእነዚህ ልጆች «ለምታደንቁት ገጣሚ ግጥም ጻፉ» ብሎ ሲያዝ፣ «ታላቅ ነህ፣ ብርሃን ነህ» የሚል ባዶ ሙገሳ ይዘው እንዳይመለሱ ሦስት ነገር ቢጠይቃቸው ይበጃል። ገጣሚው የትኛውን ነገር አሳያችሁ? እርሱ ያላየውን እናንተ በሠፈራችሁ ምን አያችሁ? የእርሱን ቃል ሳትወስዱ ይህን በራሳችሁ ቃል እንዴት ትነግሩታላችሁ?

እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰ ተማሪ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ተማሪ ጋር አንድ ጉባኤ ገብቷል ማለት ነው። ገጣሚን በሐውልትና በሥርዓተ ቀብር ማክበር ተገቢ ነው፤ ግን ሐውልት አይናገርም። የገጣሚ እውነተኛ መወድስ እርሱን አንብቦ፣ እርሱን ሳይደግም፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚናገር አንደበት ማፍራት ነው።