ሉቺያኖ፦ ስሙን ያልቀየረው አምበል

ቅዳሜ ከሰዓት ጊንጪ ላይ ሻይ ቤቱ በኳስ ተመልካች ይሞላል። ከጭልሞ ደን በኩል የሚወርደው ብርድ ደጃፉ ላይ ይቀራል፤ ውስጡ በሻይ እንፋሎትና በጩኸት የሞቀ ነው። ባለፈው ክርክሩ ከብራዚል አማካዮች ማን ይበልጣል የሚል ነበር። ጥግ ይዘው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው «ሉቺያኖስ?» አሉ። አስተናጋጁ «እሱ ደግሞ ለየትኛው ክለብ ነው የሚጫወተው፣ ኦቦ?» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤት ስሄድ ግን ሳቁ ቆረቆረኝ።

ሉቺያኖ ቫሳሎ በነሐሴ 1927 ዓ.ም. አስመራ ተወለደ። የሙሶሎኒ ጦር መረብን ተሻግሮ ኢትዮጵያን የወረረው ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ክልስ ሆኖ በዚያ ዘመን ማደግ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አይከብድም፤ ለአንዱ ወገን ጠቁሯል፣ ለሌላው ነጥቷል። እሱና ወንድሙ ኢታሎ መላውን ያገኙት ሜዳ ላይ ነው። ሉቺያኖ በኋላ የድሬዳዋውን ጥጥ ማኅበር ማሊያ ለበሰ፤ ያን ጊዜ ጥጥ ማኅበር ለአዲስ አበባዎቹ ክለቦች የማይቀመስ ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ዓርብ ጥምቀት፣ ቅዳሜ ሚካኤል፣ እሑድ ደግሞ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፤ አዲስ አበባ በሦስተኛ ቀኗም ነጠላዋን አላወለቀችም። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ነበር የመጣችው። ተጋጣሚዋ ግብፅ ናት፣ ያኔ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው እሷ ናት፤ በ1949ኙ ፍጻሜ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸንፋ ነበር።

የግብፁ ባዳዊ በ35ኛው ደቂቃ አገባ። ተክሌ ኪዳኔ አቻ ያደረገው በ74ኛው ደቂቃ ነው፤ ስታዲየሙ እልልታውን ሳይጨርስ በ75ኛው ባዳዊ ደገመ። ከዚህ የከፋ ደቂቃ ለአንድ ቡድን የለም። ጉልበት ይከዳል፣ ተከላካይ ተከላካዩን ይወቅሳል፣ ሰው ሁሉ ኳሱን ከራሱ ለማራቅ ብቻ ይጠልዛል።

እዚህ ላይ ስለ ብራዚሉ ዲዲ አንድ ነገር ላንሳ። በ1958 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ስዊድን ቀድማ ስታገባ፣ አማካዩ ዲዲ ኳሱን ይዞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀስ እያለ ወደ መሀል ሜዳ ተራመደ፤ ብራዚል 5 ለ 2 አሸነፈች። ቡድን የሚረጋው መሀሉ ሲረጋ ነው።

የእኛም መሀል ረጋ። በ84ኛው ደቂቃ አምበሉ ሉቺያኖ ራሱ አገባ። በተጨማሪው ሠላሳ ደቂቃ ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደገሙ፤ 4 ለ 2። ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው።

ይህ ግን ሊቀር ምንም አልቀረውም ነበር። ሉቺያኖ ከዓመታት በኋላ ሲያስታውስ፣ ከውድድሩ በፊት ስሙን ወደ ኢትዮጵያዊ ስም እንዲቀይር ተጠይቆ እምቢ ማለቱን ተናግሯል። ጃንሆይ ፊት ዋንጫ የሚቀበል አምበል ክልስ ባይሆን የሚሉም እንደነበሩ፣ የተከራከሩለትም ጓደኞቹ እንደነበሩ አውስቷል። ለእኔ ከ84ኛው ደቂቃ ጎል ይልቅ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ስምህን ከማይፈልግ ሰው ጋር ተቃቅፈህ እንዴት ለባንዲራው ትሮጣለህ? ሮጠ።

ጫማውን ሲሰቅል አሠልጣኝ ሆነ፤ ብሔራዊ ቡድኑንም አሠለጠነ። ስለዚህ የሚያወራ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ዕድሉም አልገጠመውም፤ አሠልጣኝነቱ ከአብዮቱ ጋር ተገናኘ። በደርግ ዘመን አገር ጥሎ ወደ ጣሊያን ሄደ። የአራተኛው ጎል ባለቤት መንግሥቱ ወርቁ እዚሁ ቀርቶ አሠልጣኝ ሆነ፤ ቡድኑን ሊቢያ ላይ ወደተካሄደው የ1982 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ ወስዷል። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ወደዚህ መድረክ እስክትመለስ 31 ዓመት ጠበቅን።

ሉቺያኖ ሮም አጠገብ ኦስቲያ ላይ መኪና ሲጠግን ኖረ። የአፍሪካ ዋንጫን ያነሱ እጆች ግሪስ ሲነኩ አስባለሁ፤ እሱ ግን በሙያው የሚያፍር ሰው አይመስለኝም። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሻይ ቤቱ ተመልሼ የአስተናጋጁን ጥያቄ መለስኩለት።

«ለድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ነው» አልኩት።