ከጋፋት መድፍ እስከ ደብረ ሰና ካብ

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ። ወሬዬ ለንደንና ፓሪስ፣ ሻንጋይና ዱባይ ይዞራል፤ ዞሮ ዞሮ ግን ከደቡብ ጎንደሩ የጉና ተራራ ግርጌ አይርቅም።

ኤክስፖ የሚሉት የዓለም ትርኢት አለ። አገሮች አለን የሚሉትን ተሸክመው አንድ ከተማ ላይ ይሰባሰባሉ። እያንዳንዱ ፓቪሊየን የሚባለውን አዳራሹን ይተክላል፣ ስድስት ወር ያህል ሕዝብ ሲጎርፍለት ይከርማል፣ ከዚያ አብዛኛው ይፈርሳል። በ1851 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲጀመር፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባለው ካሳ ኃይሉ ገና ዘውድ አልደፋም ነበር። እንግሊዞች በአንድ መናፈሻ ውስጥ ግዙፍ የመስታወት ቤት ሠሩ። በቦታው ትልልቅ ዛፎች ቆመው ስለነበርና ሕዝቡም አይቆረጡም ብሎ ስለተነሣ፣ ዛፎቹን ሳይቆርጡ ቤቱን በላያቸው ሠሩት። ታዲያ ሰው የተሰለፈው ዛፎቹን ሊያይ መሰላችሁ? የለም፤ ማሽን ሊያይ ነው። ክሩፕ የሚባለው ጀርመናዊ መድፍ ይዞ መጥቶ ነበር።

ይኸው ክሩፕ በ1867 እ.ኤ.አ. ፓሪስ በተደረገው ትርኢት ላይ ባለ 50 ቶኑን መድፍ አመጣው። አገር ምድሩ እየዞረ አደነቀው። አሁን ደግሞ በዚያው ዓመት ወደ ጋፋት ኑ፤ ከደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ወዳለችው ጋፋት። ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ወንጌል ልናስተምር መጣን ያሉትን የውጭ ሚሲዮናውያን፣ እነ ቫልድማየርን፣ መድፍ ሥሩልኝ ብለው ይዘዋቸዋል። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ እዚያ ወጣ፤ 7 ቶን ገደማ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ፣ ፓሪሶች ትርኢታቸውን ገና አልዘጉም። እዚያ ሰው የክሩፕን መድፍ ከፍሎ ሲያይ፣ እዚህ ሰው ገመድ በትከሻው አስሮ፣ ገደሉን እየደለደለ፣ ሴባስቶፖልን ወደ መቅደላ ይጎትታል። ወራት ፈጀበት። ያ ዘመን ብረት አምላኪ ነበር፤ ከጉና ግርጌ የነበሩትም ሰዎች ከዘመኑ ወደ ኋላ አልቀሩም። ትርኢቱ ላይ ግን ስማቸውን የጠራ የለም።

ኢትዮጵያ ኋላ ላይ በትርኢቱ የራሷን አዳራሽ ተክላለች። በ1967 እ.ኤ.አ. ሞንትሪያል ላይ፣ ጫፉ ላይ ወርቃማ አንበሳ የቆመበት ቀይ ሾጣጣ ድንኳን ነበራት፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ሄደው አይተውታል። ያምር ነበር፤ ስለ ዝናብና ስለ አፈር ግን አልጠየቀም፤ ያኔ ማንም አይጠይቅም ነበር።

ጥያቄው የመጣው ኋላ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ሻንጋይ፣ የትርኢቷን ርእስ የተሻለ ከተማ፣ የተሻለ ሕይወት አለችው። በአፍሪካ አገሮች የጋራ አዳራሽ ውስጥ የእኛ ክፍል ሐረርን ይዞ ቀረበ። ከላክነው ሁሉ እኔ የማደንቀው ይህን ነው፤ ስለ ከተማ ሲጠይቁን ከተማ አሳየናቸው። የሐረሯ ግንብ ከተማ ጀጎል በአምስት በር፣ በጠባብ መንገድ፣ በጉርብትና የተሠራች፣ በእግር የምትዳረስ ናት። ስለ ዘላቂ ከተማ ብዙ ወረቀት ከመጻፉ በፊት ቆማለች። ሚላኖ በ2015 እ.ኤ.አ. ምግብን ርእስ ስታደርግ ቡናችንን ይዘን ሄድን፤ ዱባይ ላይም ሉሲና ቡና ነበሩ። ቡናው ይሁን። ግን የአየር ንብረት ጥያቄ ሲመጣ ሁልጊዜ ጀበና ይዞ መቅረብ ትንሽ ያሳፍራል።

ሌሎቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ኦስትሪያ ሚላኖ ላይ ጫካ ተከለች። ቀልድ አይደለም፤ በ560 ካሬ ሜትር ላይ ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሣር ሰካች። በሰዓት 62.5 ኪሎ ኦክስጅን፣ ለ1,800 ሰው የሚበቃ፣ ይሰጣል ብላ አስላች። ጎብኚው ገብቶ ቀዝቀዝ ያለ አየር ስቦ ይወጣል፤ ያየው ነገር ይኸው ነው፤ ደስ ብሎት ሄደ። ዱባይ ላይ ደግሞ ኔዘርላንድ ትልቅ ሾጣጣ አቆመች፤ ላዩ የሚበላ ተክል ለብሷል፣ በፀሐይ ኃይል ከበረሃው አየር ውሃ ይጨመቃል፣ ውስጡ ይዘንባል። ግድግዳ ያደረጉት ብረት የተከራዩት ነበር፤ ትርኢቱ ሲያበቃ ወደ ሌላ ግንባታ የሚሄድ። ይህን ማድነቅ ነው እንጂ ምን ይባላል!

እንግዲህ ጉናን ቀና ብላችሁ እዩ። ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ጅብራና አስታ፣ ጓሳም አሉበት፤ ደመናውን ይይዛል። ርብና ጉማራ ከእሱ ይነሣሉ፣ የፎገራን ሜዳ ሩዝ ያጠጣሉ፣ ጣና ይገባሉ። የሚከፈልበት ቲኬት የለም። ግን የገብስና የድንች ማሳ ሽቅብ እየገፋው ነው፤ ዝናቡ ሲመጣ አፈሩ አብሮ ፎገራ ይወርዳል።

ከታች ደግሞ ደኖቹ አሉ። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከ1,000 በላይ የቤተ ክርስቲያን ደን ይገኛል። ከማሳው መሐል ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ጥቁር እንጨት ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ መሐላቸው ታቦቱ፣ ዳር ዳሩን መቃብሩና የአብነት ተማሪው ጎጆ። ያቆማቸው ደን ጠባቂ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ግዝትና ፍርሃተ እግዚአብሔር ነው። ግዝቱ መጥረቢያን ያስቆማል። ከብትን ግን አያስቆምም። ላሟ የበቀለውን ችግኝ እየቀነጠበች ስትበላ ሽማግሌዎቹ ዛፎች ያለ ወራሽ ያረጃሉ፤ ደኑ ከሩቅ ለምለም መስሎ ከውስጥ ይሞታል።

ይህን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው፤ ብዙዎቻችሁ በ“እመጓ” የምታውቋቸው። ሥራቸው ደን ነው፤ መጽሐፉ ኋላ መጣ። ማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት የደን ሊቅ ጋር ሆነው ካህናቱን ሰብስበው ደኑን ከሰማይ በተነሣ ምስል አሳዩአቸው። ከዚያ የተደረሰበት መላ ካብ ነው! ገበሬው ከማሳው የሚያስቸግረውን ድንጋይ ለቅሞ በደኑ ዙሪያ ይክባል፤ ማሳው ለማረስ ይመቻል፣ ከብቱ ውጭ ይቀራል፣ ችግኙ ቀና ይላል። ደብረ ሰና የተባለው የቤተ ክርስቲያን ደን እንዲህ ከታጠሩት አንዱ ነው። ሲሚንቶ የለ፣ ፓምፕ የለ። ገንዘብ ግን አስፈልጓል፤ ሎውማን ከውጭ ለምናለች። ሁሉም በነጻ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም።

አሁን ወሬዬ ወደሚያደርሰኝ ልምጣ። በ2027 እ.ኤ.አ. ኮፕ 32 የሚሉት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይደረጋል። እዚያም አገሮች ፓቪሊየን ይተክላሉ። እኛ ባለቤቶቹ ነን፤ ምን እንደምናሳይ ከወዲሁ ይታሰብ። የፕላስቲክ ዛፍና ትልቅ ስክሪን እንዳይሆን እፈራለሁ። እኔን ቢጠይቁኝ ከጉና ግርጌዋ ፋርጣ ካብ የሚያውቁ ሰዎች ይምጡ፣ ድንጋያቸውን ይዘው። እንግዳው ፊት ይካቡ። ከካቡ ወዲህ ከብት የጋጠው መሬት፣ ወዲያ ችግኝ የቆመበት ይሁን፤ ሰውየው በሁለቱ መሐል ይቁም። አስረጂው ድንጋዩን የተሸከመው ገበሬ ይሁን፣ አስተርጓሚ ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ አይጠፋም። ዋናውን ካላየሁ የሚል እንግዳም ይኖራል፤ መንገዱ ሰላም ከሆነ ይምጣ። የደብሩን አለቃ ያስፈቅድ፣ ጫማውን ያውልቅ፣ በሬ ይዞ እንዳይገባ።